«ቀመር የለውም» ማለት «አይታወቅም» ማለት አይደለም

ሰሞኑን ከአንዱ የቴሌግራም ቡድን ወደ ሌላው ሲዘዋወር የከረመ አንድ ረጅም ጽሑፍ በሦስት የተለያዩ ሰዎች በኩል ደረሰኝ። ከላኩልኝ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከጽሑፉ ሥር «መምህር፣ ታዲያ ያን ሁሉ የተማርነው ግምት ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጨምሮበታል። ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ብዙ እንዳነበቡ ያስታውቃል። ችግሩ ከያዙት እውነት የማይወጣ መደምደሚያ ማውጣታቸው ነው።

መጀመሪያ የሚሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጉዳዩ አስትሮይዶች፣ ማለትም በጠፈር የሚዞሩ አለቶች፣ እና ኮሜቶች፣ ማለትም ጅራታም ኮከቦች፣ ፀሐይን ሲዞሩ ፕላኔቶች በስበታቸው መንገዳቸውን እንዴት እንደሚለውጡባቸው ስለማስላት ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ሦስት አካላት እርስ በርስ ሲሳሳቡ የሚሄዱበትን መንገድ የሚሰጥ ቀመር የለም፤ ስለዚህ ስሌቱ ከመነሻው ግምት ነው። ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ሦስት ነገር ነው። የሃሌይ ኮሜት በ1759 ከተተነበየለት ጊዜ አንድ ወር ቀድሞ መጥቷል። 2024 ዋይአር4 የተባለው አስትሮይድ ምድርን የመምታት ዕድሉ ከ1 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወጥቶ መልሶ ወደ ዜሮ ወርዷል። አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ ደግሞ በ2029 በምድር አጠገብ ሲያልፍ ምህዋሩ ስለሚለወጥ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በመጨረሻም ጁፒተር ወደኛ የሚመጡትን እየጎተተ የሚያስቀር ጋሻችን ስለሆነ አያሰጋንም፣ ቢያሰጋም እንደኛ ላለ አገር የቅንጦት ወሬ ነው ብለው ይደመድማሉ። (ካልገለጽኩ በስተቀር ቀኖቹም ወራቱም ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀመሩ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። በሰማይ ላይ ፀሐይና አንድ አስትሮይድ ብቻ ቢኖሩ ኖሮ የአስትሮይዱ መንገድ ያማረ ሞላላ ይሆን ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የት እንደሚገኝም በአንድ ገጽ ስሌት ይታወቅ ነበር። ጁፒተር ሲጨመር ያ አጭር ቀመር ይጠፋል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖይንካሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ አሳይቷል። ፊንላንዳዊው ሰንድማን በ1912 ማለቂያ በሌለው ድምር የሚጻፍ መልስ ቢያገኝም፣ ድምሩ እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ለሥራ አይውልም።

ሆኖም አጭር ቀመር ማጣትና መልስ ማጣት ለየቅል ናቸው። የሁለት ስኩዌር ሩት ተጽፎ አያልቅም፤ አሃዙ ማብቂያ የለውም። ግንበኛ ግን ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ ከማዕዘን ማዕዘን ሲለካ 1 ሜትር ከ41 ሳንቲ ከ4 ሚሊ ብሎ ይሠራል፤ ቤቱም አይጠምም። የሚያስፈልገውን ያህል ትክክለኛነት ያውቃል፣ ከዚያ በላይ ቢፈልግም ጨምሮ ማስላት ይችላል። የአስትሮይድ ስሌትም እንደዚሁ ነው። አስትሮይዱ አሁን ያለበት ቦታና ፍጥነት ይያዛል። ፀሐይ፣ ስምንቱ ፕላኔቶች፣ ጨረቃ፣ እንደ ሴሬስና ቬስታ ያሉት ትልልቆቹ አስትሮይዶች በዚያች ቅጽበት ወዴትና በምን ያህል ኃይል እንደሚስቡት ይደመራል። በድምሩ ልክ አስትሮይዱ አንዲት ትንሽ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። አዲሱ ቦታ ላይ ሆኖ ድምሩ እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ይራመዳል።

ይህንኑ በአንድ ወቅት ከተማሪዎቼ ጋር በአሮጌ ላፕቶፕ ሠርተነዋል። ፀሐይን፣ ጁፒተርንና አንድ ኮሜት ብቻ አስገብተን እርምጃውን አሥር አሥር ቀን አደረግነው። ኮሜቱ በሰላም ሲዞር ቆይቶ ጁፒተር አጠገብ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ከሥርዓተ ፀሐይ ወጥቶ ሄደ። ልጆቹ «ጁፒተር ወረወረው!» ብለው አጨበጨቡ። እርምጃውን ወደ አንድ ቀን፣ ቀጥሎም ወደ አንድ ሰዓት ስናሳጥረው ግን ኮሜቱ የትም አልሄደም፤ ምህዋሩ ጠበብ ብሎ መዞሩን ቀጠለ። የወረወረው የኛ ረጅም እርምጃ ነበር። ከዚያ ወደ ግማሽ ሰዓት ብናወርደውም አዲሱ መስመር ከበፊቱ ላይ ተደርቦ ቀረ። ጊዜውን ወደ ኋላ ስናስኬደውም ኮሜቱ ከተነሳበት ነጥብ ተመልሶ ደረሰ። ግምት ራሱን በዚህ መንገድ ሊፈትሽ አይችልም። ጽሑፉን የላከልኝ ልጅ ያን ዕለት ኪቦርዱ ላይ የነበረው እሱ ነው።

የሃሌይ ኮሜት ታሪክ ደግሞ ጸሐፊው ካቀረቡበት ገጽታ ፈጽሞ የተለየ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሃሌይ በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታዩት ኮሜቶች አንድ ናቸው ብሎ በ1758 አካባቢ ይመለሳል ሲል አንድ የሚያስቸግር ነገር ነበር። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው 76 ዓመት ከጥቂት ወር፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ወደ 75 ዓመት ገደማ ነው፤ የአንድ ዓመት ከምናምን ልዩነት አለው። ይህን ያህል የሚዛባው ፕላኔቶች ስለሚጎትቱት ነው። የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ ክሌሮና ላላንድ፣ እንዲሁም ኒኮል ሬን ለፖት የተባለችው ሴት ፓሪስ ውስጥ ለወራት ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንዴ ማዕድ ላይ ሳይቀር፣ የጁፒተርንና የሳተርንን ጉተታ በእጅ አሰሉ። በዚያን ጊዜ በሴት ስም ሒሳብ መታተሙ ብርቅ ነበርና የለፖትን ስም ሳልጠራ ማለፍ አልፈለግሁም። ውጤታቸው ኮሜቱ ከቀደመው ዙሩ ይልቅ በጁፒተር ምክንያት 518 ቀን፣ በሳተርን ምክንያት ደግሞ 100 ቀን ይዘገያል፣ ለፀሐይ በጣም የሚቀርበውም በሚያዝያ 1759 አጋማሽ ላይ ነው፣ ግን አንድ ወር ሊያዛንፍ ይችላል የሚል ነበር። ይህን የተናገሩት በኅዳር 1758፣ ኮሜቱን ማንም ሳያየው ነው። ኮሜቱ ለፀሐይ የቀረበው መጋቢት 13 ቀን 1759 ነው።

አዎ፣ አንድ ወር ያህል ቀድሟል፤ ካስቀመጡትም ወሰን ጠርዝ ላይ ነው። ግን ከምን አንጻር? ኮሜቱ ለመመለስ ወደ 28,000 ቀን ገደማ ፈጅቶበታል፤ የሳቱት 33 ቀን ነው፤ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ማለት ነው። ስሌቱን ባይሠሩት ኖሮ የሚስቱት ወደ 600 ቀን ገደማ ነበር። ዩራነስ በ1781፣ ኔፕቲዩን በ1846 ነው የተገኙት፤ ስለነዚህ ሁለቱ ምንም አያውቁም። የሳተርንም ክብደት በደንብ አይታወቅም ነበር። በ1910 ኮሜቱ ሲመለስ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ኮዌልና ክሮምሊን ስህተቱን ወደ ሦስት ቀን አወረዱት። በ1986 ልዩነቱ የሰዓታት ብቻ ሆነ። ያቺ ሦስት ቀንም ምክንያት ነበራት፤ ኮሜት ፀሐይ ሲያሞቀው ከበረዶው የሚወጣው ጋዝ እንደ ሮኬት መልሶ ይገፋዋል። ስበቱ በትክክል ስለተሰላ ነው የተረፈችው ግፊት ልትታይ የቻለችው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሐምሌ 28 ቀን 2061 ነው፤ ልጆቻችን ይፈትሹታል።

አሁን ወደ 2024 ዋይአር4 ልምጣ፤ ብዙ ሰው ግራ የተጋባው እዚህ ላይ ነው፤ መጋባቱም አያስወቅስም። አስትሮይዱ ታኅሣሥ 27 ቀን 2024 ቺሊ ባለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ታየ። በጥር መጨረሻ ታኅሣሥ 22 ቀን 2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ ከ1 በመቶ አለፈ፤ የካቲት 18 ቀን 2025 3.1 በመቶ ደረሰ፤ ከስድስት ቀን በኋላ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ጸሐፊው «የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይወላውልም» ይላሉ።

አንዲት ጊደር ጠፋችብን እንበል። መቶ ማሳ ውስጥ በአንዱ እንዳለች እናውቃለን፤ ከመቶው አንዱ ያንተ የጤፍ ማሳ ነው። ጤፍህን እየበላች የመሆን ዕድሏ 1 በመቶ ነው። ልጆች ሄደው ሃምሳውን ማሳ አይተው የለችም አሉ፤ ያንተ ማሳ ገና አልታየም። አሁን ዕድሉ 2 በመቶ ሆነ። ስልሳ ስምንቱ ታየ፤ ሠላሳ ሁለት ማሳ ቀረ፤ ከሠላሳ ሁለት አንዱ 3.1 በመቶ ነው። ከዚያ አንዱ ልጅ ከወንዙ ማዶ ሆኖ «አገኘኋት!» ብሎ ተጣራ። ዕድሉ በአንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ። በየደረጃው የተነገረህ ሁሉ እውነት ነው፤ ጊደሯም ከመጀመሪያው ጀምሮ ካለችበት አልተነቃነቀችም። የተለወጠው የፍለጋው ስፋት ነው። በአስትሮይዱ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በ2032 ሊገኝ የሚችልበት ሰፊ ቀጠና በአዳዲስ ምልከታ እየጠበበ ሲሄድ ምድር ለጥቂት ሳምንታት በቀጠናው ውስጥ ቆየች፤ ስለዚህ ድርሻዋ ከፍ አለ። ቀጠናው ይበልጥ ሲጠብ ደግሞ ውጪ ቀረች።

ጸሐፊው በዚህ ላይ ፍርሃት ነዝቶ በጀት ለማግኘት ነው የሚል ጥርጣሬ አክለዋል። የዜና አርዕስቶች ማጋነናቸውን እቀበላለሁ፤ ኢትዮጵያና ሱዳን ሊመታባቸው ከሚችልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ተጠርተው ስለነበር የሰዉ ድንጋጤ ትዝ ይለኛል። እናቴም ደውላ ጠይቃኛለች። ነገር ግን ቁጥሩን ከፍ ያደረጉትም ዝቅ ያደረጉትም እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ለማስፈራራት የፈለገ ሰው በስድስት ቀን ውስጥ ራሱ አያፈርሰውም። ደግሞም የሚያሰላው አንድ ቢሮ አይደለም። በካሊፎርኒያ የናሳው ቤተ ሙከራ ጄፒኤል፣ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ማዕከል፣ በጣሊያን ፒዛ የተጀመረው የአስትሮይድ ስሌት አገልግሎት ኒዮዲስ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፕሮግራም ያሰላሉ። የምልከታው መረጃ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አዲስ አበባ ያለ ተማሪም አውርዶ ሊያሰላው ይችላል።

አፖፊስን በተመለከተ የጸሐፊው ክርክር ራሱን በራሱ ይጥላል። «በ2029 ምህዋሩ ስለሚለወጥ አይታወቅም» ይላሉ። መለወጡን በምን አወቁት? ዛሬ አፖፊስ ፀሐይን በ324 ቀን ገደማ ይዞራል፤ ምድር ከጎተተችው በኋላ ግን ዙሩ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህን የነገረን እሳቸው ግምት ያሉት ስሌት ነው። በውስጡ ግን እውነተኛ ነጥብ ስላለ አላልፈውም። ፕላኔት አጠገብ ማለፍ ትንሿን ስህተት ያሳድጋታል፤ ሁለት ጠጠሮች ድንጋይ ጫፍ ላይ በአንድ ጣት ስፋት ልዩነት ቢያርፉ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ እንደሚወርደው ማለት ነው። ለዚህ ነው በ2029 ሲያልፍ 600 ሜትር ያህል ስፋት ባላት አንዲት ቀዳዳ፣ ማለትም በስሌት በምትለይ ጠባብ የጠፈር ክልል፣ ቢገባ በ2036 ተመልሶ ምድርን ሊመታ ይችላል ተብሎ ለዓመታት የተፈራው።

ታዲያ ምን ተደረገ? ስህተቱ ከመስፋቱ በፊት መነሻው ተጣራ። በመጋቢት 2021 አፖፊስ 17 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲያልፍ ከካሊፎርኒያ የራዳር ሞገድ ተላከበት፤ የተመለሰው ሞገድ ርቀቱን በጥሩ ሁኔታ ነገራቸው። ለ2029 የነበረው ያለመታወቅ ወሰን ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረደ፤ ቀዳዳዋም ከወሰኑ ውጪ ሆነች። ቢያንስ ለመቶ ዓመት ምድርን እንደማይመታ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የት ይሆናል ቢሉኝ መልስ የለኝም፤ ለዚያ ርዝመት የስበት ትርምሱ ያሸንፋል። ያኔ የፀሐይ ሙቀት ሳይቀር ይገባበታል፤ ቤኑ የተባለው አስትሮይድ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ስለሚረጭ ብቻ ምህዋሩ በዓመት 284 ሜትር ያህል ወደ ፀሐይ ይጠጋል። ይህ ሁሉ በስሌቱ ውስጥ አለ፤ እስከ መቼ እንደሚታመንም ስሌቱ ራሱ ይነግረናል።

«ጁፒተር ጋሻችን ነው» የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም። ሐምሌ 1 ቀን 1770 አንድ ኮሜት ከምድር 2.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ የጨረቃን ርቀት ስድስት እጥፍ በማይሞላ ርቀት፣ አለፈ። በታሪክ ከተመዘገቡት ኮሜቶች የዚህን ያህል የቀረቡን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያገኘው ሜሲዬ ነው፤ ያሰላው ግን በፒተርስበርግ የሚሠራው ሌክሴል ስለሆነ በእሱ ስም ይጠራል። ሌክሴል ዙሩ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑን ሲደርስበት ጥያቄ ተነሣ፦ በየአምስት ዓመቱ የሚመጣ ከሆነ ከዚያ በፊት ለምን አልታየም? ስሌቱን ወደ ኋላ ሲያስኬዱት በ1767 ጁፒተር አጠገብ ማለፉ ታወቀ፤ ከሩቅ ጎትቶ ወደኛ የላከው ጁፒተር ነበር። በ1779 ደግሞ እንደገና ጁፒተር አጠገብ አልፎ ተወርውሯል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም። አንዱን ኮሜት ያመጣብንም የወሰደልንም ያው ፕላኔት ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይዶች ቀበቶም እንዲሁ ነው፤ ጁፒተር አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስት ጊዜ የሚዞሩት አስትሮይዶች በተመሳሳይ ቦታ እየተደጋገሙ ስለሚጎተቱ ቦታቸው ባዶ ቀርቷል። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኪርክውድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ይህ ባዶ ቦታ፣ ወደ ምድር አካባቢ ከሚመጡት አለቶች የብዙዎቹ መውጫ በር ነው። ጁፒተር በ1994 ሹሜከር-ሌቪ 9 የተባለውን ኮሜት በራሱ ላይ መቀበሉ እውነት ነው። ሆኖም ፍርስራሾቹ ጁፒተርን እንደሚመቱ የታወቀው አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ጸሐፊው በሚክዱት ስሌት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ «እንደኛ ላለ አገር ምን ያደርጋል» የሚለው፣ ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2008 በአሜሪካ አሪዞና አንድ ቴሌስኮፕ አራት ሜትር ያህል ስፋት ያለው አለት አየ፤ 2008 ቲሲ3 ተባለ። በሰዓታት ውስጥ ስሌቱ ተሠርቶ በማግስቱ ንጋት ላይ በሰሜን ሱዳን በረሃ፣ በኑቢያ ሰማይ ላይ እንደሚገባ ተነገረ። ከታየ ከሃያ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በተባለው ሰዓትና በተባለው ሰማይ ላይ እንደ እሳት ሆኖ ፈነዳ። ከመውደቁ በፊት በሰማይ ላይ ታይቶ የወደቀ የመጀመሪያው አለት ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓዊያ ሻዳድ ከሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ ጋር ተማሪዎቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ወደዚያ በረሃ ወረዱ። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን አሸዋው ላይ ተክለው፣ ስሌቱ በሰጣቸው መስመር ተጓዙ። በቢጫው አሸዋ ላይ ጥቁር ጠጠር መታየት ጀመረ፤ በኋላ በተደጋጋሚ ፍለጋ ስድስት መቶ ያህል ተገኘ። ስሙም በአቅራቢያው ባለ የባቡር ጣቢያ «አልማሃታ ሲታ»፣ ማለትም ጣቢያ ስድስት፣ ተባለ። ሱዳን ጎረቤታችን ናት፤ ተማሪዎቿ ደግሞ እንደኛዎቹ ናቸው። ያን መስመር ያወጣውን ስሌት ግምት ለማለት እኔ አልደፍርም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልስጥ። የካቲት 15 ቀን 2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ ሃያ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አለት ሲፈነዳ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በመስታወት ስብርባሪና በመሳሰለው ቆስሏል፤ ቀድሞ ያየው አልነበረም። ከፀሐይ አቅጣጫ ስለመጣ ቴሌስኮፖች አላገኙትም። ያልታየውን ማንም አያሰላም። ጸሐፊው «ሁሉንም አያውቁም» ቢሉ ኖሮ ይህን መልስ አልጽፍም ነበር። ጉድለቱ ግን የሚሞላው አብዝቶ በማየት ነው፤ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ የሒሳቡ ፕሮግራም ደግሞ በነጻ ይገኛል።

ለተማሪዬም የምለው ይህ ነው። አፖፊስ የሚያልፈው ሚያዝያ 13 ቀን 2029፣ በኛ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ያለው አርብ። ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ከሚያነጣጥርባቸው ሳተላይቶች በታች ዝቅ ብሎ፣ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያልፋል። ከአፍሪካ ያለ መነጽር በዓይን ይታያል። ለምድር በጣም የሚቀርበው በኛ ሰዓት ከሌሊቱ ሰባት ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ከመብራት ራቅ ያለ ቦታ እንፈልጋለን። ላፕቶፑን እኔ አመጣለሁ፤ አንተ ሰዓትህን አስተካክለህ ና።